የመርሳ ዲናሞ ስምንት ቡሎኖች

ፍቅሩ ያን ንግግር የሰማው በጀርባው ተንጋሎ ነው። እነሆ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ሞተሩ ለዘይት ቅየራ ቆሞ ስለነበር የመርሳ ጀነሬተር ቤት ያለ ወትሮው ጭር ብሏል፤ ከናፍጣ በርሜሎቹ ጀርባ ያለው የሲሚንቶ ወለል ደግሞ በዚያ የቀትር ሐሩር ከየትኛውም አልጋ ይሻላል። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ዘይት የሚለካ፣ ማጣሪያ የሚያጥብ ተቀጣሪ። ሁለት ሰዎች ሲገቡ ትንፋሹን ዋጠ። አንደኛው አለቃው ጋሼ አብዱልሐሊም ነበሩ፤ በእርምጃቸው ያውቃቸዋል። ሁለተኛው በየሦስት ወሩ ከደሴ እየመጡ ዲናሞውን የሚመረምሩት ኤሌክትሪሽያን፣ ጋሽ ሞገስ።

«አብዱ፣ ይቺ እኮ አንድ ማሽን አይደለችም፤ ሁለት ናት» አሉ ጋሽ ሞገስ። «ሞተሩ ገፊ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ዲናሞዋ ግን የራሷ ዘንግ፣ የራሷ ሁለት ኩሽኔታ አላት። አንድ ቀን ትልቁ የመብራት መስመር እዚህ ይደርሳል። ያን ቀን መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ስምንት ቡሎኖች ፈትታችሁ ሞተሩን ገላግሉት፤ እሷን ግን አትንኳት። ከመስመሩ ጋር ከታሰረች ብቻዋን ትዞራለች። መስመሩ ሲደክም ታበረታዋለች፣ ሲያብጥም ታስተነፍሰዋለች።»

ጋሼ አብዱልሐሊም የመለሱትን ፍቅሩ አልሰማም። በዚያችው ቅጽበት ከግድግዳው ውጪ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የተረፈችውን ሙቅ ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር ማንኳኳት ጀመሩ። ጫጫታው ጋብ ሲል የቆርቆሮው በር በኃይል ተወርውሮ ተዘጋ። ጋሽ ሞገስ ብቻቸውን ቀሩ። ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩና እሳቸውም ወጡ።

ፍቅሩ የሰማውን ለማንም አላወራም። ማውራት ማለት በሥራ ሰዓት ተኝቼ ነበር ብሎ ማመን ነው።

ትልቁ መስመርም እንደተባለው መጣ። የብረት ማማዎቹ ተራራውን ተሻግረው ወረዱ፤ ጀነሬተር ቤቱ ተዘጋ፤ ርግቦች ገቡበት። ጋሼ አብዱልሐሊም ጡረታቸውን ይዘው ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ውርጌሳ አጠገብ ሄዱ። ፍቅሩ መርሳ ቀርቶ በአስፋልቱ ዳር ትንሽ ቤት ተከራየና የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠቀለለ መኖር ጀመረ። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረውም። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን የተማረው በመስማት ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ከኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አድርጎ ዐይኑን ሲጨፍን፣ ያየ ሰው ጸሎት ላይ ነው ይለዋል። እሱም ሁለቱን ብዙም አይለያቸውም።

ዘንድሮ ሥራው በዝቶበታል። መብዛቱ ግን ደስ አላሰኘውም። ግራና ላይ የሽንኩርት ማጠጫ ፓምፖች ጠዋት አንድ ላይ ሲነሡ መርሳ ላይ አምፖሉ እንደ በሰለ ቃሪያ ይቀላል፣ ወፍጮው ያቃስታል፣ ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል። ኃይል ያነሰው ሞተር ደግሞ አይቆምም፤ እየታገለ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ኡበይደላ የሚባል የግራና ገበሬ አንዲቷን ፓምፕ በዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ተሸክሞ መጣ።

«ፍቅሩ፣ ይቺን ነገር አንተው ዘንድ ልዳራት እንዴ?» አለው። «ከኔ ቤት ይልቅ አንተ ቤት ነው የምታድረው።»

ፍቅሩ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ከበደው። በማግሥቱ ከቅዳሴ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳልሞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሰው ሲቃጠልበት ለእኔ እንጀራ ይሆናል፤ ይህ ነገር እስከ መቼ ነው ጌታዬ? ብሎ ጠየቀ። መልስ በመጠበቅ የሚደክም ሰው አልነበረም።

መልሱ ከወልድያ መጣ፤ በሚኒባስ፣ ሰማያዊ ሄልሜት በክንዱ ሥር ይዞ። ሔዋን ትባላለች፤ የኃይል መሐንዲስ ናት፣ ሠላሳ ቢሞላት ነው። ጀነሬተር ቤቱን አስከፍታ፣ ርግቦቹን አስወጥታ፣ ዲናሞዋን ሦስት ቀን ከመረመረች በኋላ የድሮ ሠራተኛ ፈልጋ የፍቅሩ ቤት ደረሰች።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ጥቅሉ ጤነኛ ነው። አቧራው ነው እንጂ እንደ አዲስ ነው» አለችው። «ያሰብነው እንዲህ ነው። ናፍጣ አናቃጥልም። ሞተሩን እናላቅቅና ዲናሞዋን በትንሽ ማስነሻ አዙረን ከመስመሩ ጋር እናስራታለን። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ራሱ ያዞራታል፤ እሷ ደግሞ…»

«ሲደክም ታበረታዋለች» አላት ፍቅሩ የያዘውን የመዳብ ሽቦ ሳይለቅ። «ሲያብጥም ታስተነፍሰዋለች።»

ሔዋን አፍጥጣ አየችው። «ይህን ማን ነገረዎት?»

«አንድ የሞተ ሰው» አለ ፍቅሩ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከተማውን ዞረ፤ ሲዞር ግን መልኩን ለወጠ። ጀነሬተሩ ሊነሣ ነው ተባለ። በማግሥቱ ጠዋት ሔዋንና ፍቅሩ ጀነሬተር ቤቱ ሲደርሱ፣ ከጀርባው ግድግዳ፣ ከደረቀው ቧንቧ ሥር፣ አሥራ አራት ጀሪካኖች ተሰልፈው አገኙ።

ሔዋንን ግር አላት። ፍቅሩ ግን ወዲያው ገባው። ያ ቧንቧ ሞተሩን ያቀዘቀዘ ውኃ የሚወጣበት ነበር፤ ውኃው ሲወጣ ይፋጃል። የቀበሌው ሰው ሁሉ በእሱ ይጠቀም ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ሙስሊሙ ለሱብሒ ውዱእ የሚሆን ውኃ ከዚያ ይዞ ይገባል፤ ክርስቲያኑ ለበዓል ዋዜማ ነጠላውን ከዚያ ያጥባል። ሠልፍ ላይ የተጣሉ እዚያው ሠልፍ ላይ ይታረቃሉ። በዚያ ቧንቧ ሥር የታጨች ሴት ሁሉ ብትቆጠር አንድ ዕድር ይወጣታል።

በሠልፉ መጀመሪያ ላይ ባለችው ቢጫ ጀሪካን አጠገብ እትዬ አሰለፈች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ያኔም መጀመሪያ የሚሰለፉት እሳቸው ነበሩ።

«መቼ ነው የሚሞቀው ልጄ?» አሉት።

«እትዬ፣ አሁን የሚሞቅ ነገር የለም። ሞተሩ አይነሣም። ዲናሞዋ ብቻ ናት የምትዞረው፤ መብራቱ እንዳይደክም።»

«የመብራቱ ነገር የናንተ ነው። እኔ ለወገቤ የሚሆን ውኃ ነው የምፈልገው።»

«ውኃ የለውም እትዬ አሰለፈች።»

«ታዲያ ሳይሞቅ የሚሠራ ምን ዓይነት ማሽን ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ቧንቧው መለሱ። ጀሪካኗን ግን አላነሧትም።

ችግሩ ያን ዕለት ነው የታየው። ስምንቱ ቡሎኖች ከሞተሩ ከባድ የብረት መዘውር ጀርባ፣ እጅ በግድ በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ናቸው። የሔዋን ባለሙያዎች ያላቸውን መፍቻ ሁሉ ሞከሩ። አንዱም አልገባም፤ በግድ የገባው አንዱ የአንዱን ቡሎን ራስ ልጦ ወጣ። በጋዝ እንቁረጠው ተባለ። ሔዋን እምቢ አለች፤ እሳት ዘንጉን ካገኘው ይጎብጣል፣ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ለምንም አይሆንም። ለእሷም የተሰጣት ቀን ቁርጥ ነበር። እስከ ዓርብ ሁለቱ ካልተለያዩ፣ የአሮጌውን ሞተር ሐራጅ ያሸነፈው የብረት ነጋዴ መኪናውን አቁሞ ሞተሩንም ዲናሞዋንም አንድ ላይ ጭኖ ይሄዳል።

«ለእነዚህ ቡሎኖች የሚሆነውን መፍቻ ቁልፍ ጋሼ አብዱልሐሊም ራሳቸው ናቸው ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሠሩት» አላት ፍቅሩ እሑድ ማታ። «ከሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም።»

«ዛሬ ሄጄ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ስንፈናቀል ጠፋ አሉኝ።» ሔዋን ሄልሜቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ነገሩ ቁልፉ አይመስለኝም። ሞተሩ እንዲሄድ አልፈለጉም። እርስዎ ቢሄዱ… እኔ እንዳልኳቸው ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ፣ ዳስ ተሠርቶለት እዚሁ ይቀመጣል ይበሏቸው።»

«ይቀመጣል?»

«አይቀመጥም። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።»

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አላት ፍቅሩ።

ሰኞ ጠዋት ከሲሪንቃ የመጣ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረና ወደ ውርጌሳ ወረደ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል፤ በመኪናው ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም፤ ረዳቱ እንኳ ድምፁን ቆጥቦ ነው የሚጣራው። ፍቅሩ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ የድሮውን መርሳ ያስብ ጀመር።

ያኔ መብራት በሰዓት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል፤ ሊሄድ ሲል ጋሼ አብዱልሐሊም ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ያደርጉታል። መጀመሪያው «ምድጃችሁን አዳፍኑ»፣ ሁለተኛው «ልጆቻችሁን አስገቡ»፣ ሦስተኛው «ደኅና እደሩ» ነው። ማንም እንዲህ ብሎ አላወጀም፤ ከተማው ራሱ ነው ትርጉሙን ያወጣለት። በረመዳን ሞተሩ ካልተነሣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አይሠራም፤ ስለዚህ የመርሳ ሰው ቴምሩን በእጁ ይዞ ጆሮውን ወደ ጀነሬተር ቤቱ ይቀስራል። አንድ ቀን ሞተሩ እምቢ አለ። ጋሼ አብዱልሐሊም ጾመኛ አፋቸው ደርቆ፣ ላባቸው እየወረደ ሲታገሉ፣ ሙአዚኑ ማጉያውን ትቶ በባዶ ድምፁ አዛን አለ። እሳቸው መፍቻውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ከተማውን አስጠበቅኩት» ብለው ተናደዱ፤ ያን ዕለት በውኃ እንኳ ያፈጠሩት ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ፍቅሩን «አንተ ሂድ አስቀድስ፣ እኔ አለሁ» ይሉታል። ዒድ ሲሆን ፍቅሩ ለሳቸው ይቆማል። እንዲህ ሆነው ዐሥር ዓመት አንድ ሞተር ጠበቁ።

ጆሯቸውን የበላው ያ ሞተር ነው። መስማት እየደከማቸው ሲሄድ ሥራቸውን አልተዉም፤ አንዲት ቀጭን የወይራ ዘንግ ቆረጡና አንዱን ጫፍ ከብረቱ ላይ አድርገው ሌላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ጆሮ የማይነግራቸውን ጥርስ ይነግራቸዋል። «ሁለተኛው ሲሊንደር እየዋሸ ነው» ይሉና ሲከፈት እውነት ሆኖ ይገኛል።

ከአስፋልቱ ወርዶ ሃያ ደቂቃ በእግሩ ከሄደ በኋላ ከግቢያቸው በር ደረሰ። በሩ በመቀርቀሪያ ተይዟል። ፍቅሩ መቀርቀሪያውን ሊስብ እጁን ሲሰድድ ብረቱ መዳፉ ላይ አረፈና ቆመ። አንገቱ ታጥፎ፣ ጫፉ ተቀልብሶ የተሠራ፣ የባሌስትራ ብረት ነው።

ልጃቸው ዓቢዳ ከውስጥ ማሽላ እያሰጣች አየችው።

«ይህ ነገር ጠፋ አሉን እኮ» አላት ፍቅሩ መቀርቀሪያውን እያሳያት።

«ለኢንጂነሯም በሩን የከፈትኩላት በእሱ ነው» አለች ዓቢዳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና። «ጠፋ ሲሏት ይዤው ቆሜያለሁ።»

ጋሼ አብዱልሐሊም ከቁርቁራው ጥላ ሥር በመደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አንሷል፤ ትከሻቸው ግን ያው የጥንቱ ነው። ያቺ የወይራ ዘንግ ጎናቸው ተጋድማለች፤ ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት እንዳለ ነው።

«ፍቅሩ ነኝ ጋሼ አብዱ! እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። አውቄሃለሁ፣ አትጩህብኝ» አሉ። ከዚያ ለሚቀጥለው ንግግር እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰድደው «ምን አልክ?» አሉት። ፍቅሩ ጮኸ። «እንዲህ በል እንጂ» አሉት። «ተቀመጥ። ዛሬ የሚቀርብልህ የለም። የኔም ምድጃ ቀዝቅዟል፣ ያንተም ቀዝቅዟል።»

ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወገብ እየተጯጯኹ ተጠያየቁ። ጥርሴ አለ፣ ጆሮዬ ነው የሄደው፤ ከሁለቱ የሚቀረውን ብጠየቅ ይህንኑ እመርጥ ነበር አሉ። ከዚያ ድንገት ፊታቸውን አዞሩ።

«ልታፈርሷት ነው የመጣኸው?»

«ልናድናት ነው ጋሼ። ዓርብ መኪናው ይመጣል። እስከዚያ ከሞተሩ ካልተለየች አብራ ትሄዳለች።»

«ሞተሩስ? ሞተሩ ወዴት ይሄዳል?»

ሔዋን ያዘጋጀችለት መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ቀለሙ፣ ዳሱ፣ ሁሉም። ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ፍቅሩ የሽማግሌውን እጆች አየ፤ የናፍጣው ጥቁረት ከስንጥቆቹ ውስጥ እስከ ዛሬ አልወጣም።

«ለብረት ነው የሚሄደው» አለ። «ያቀልጡታል ጋሼ።»

ጋሼ አብዱልሐሊም ዘንጋቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ያቺ ልጅ ቀለም ይቀባል አለችኝ።»

«አይቀባም።»

«አውቄያለሁ። ስትነግረኝ መሬት መሬት ነበር የምታየው። ደግ ልጅ ናት፤ መዋሸት አልተማረችም።» ዘንጋቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «አንተስ ለምን አልዋሸኸኝም?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ከሰመ። ንግግራቸውን የቀጠሉት ለፍቅሩ ሳይሆን ለዘንጉ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

«ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ሞገስ ነበር። ገና መስመሩ ሳይታሰብ። ቡሎኖቹን ፍታና ሞተሩን ገላግለው አለኝ። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ገና ሳይሞት የሞተሬን መቃብር የምትቆፍር ከሆነ ሁለተኛ እግርህ ከዚህ ቤት እንዳይገባ አልኩት። በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። እሱም አልገባም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነበር የሚልኩልን። በሁለተኛው ዓመት ደሴ ላይ ሞተ አሉኝ። ለቅሶ አልደረስኩም። በየትኛው ፊቴ ነው የምደርሰው? ሰባት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው፣ ቤተሰቡን እንኳ አላህ ያጽናችሁ አላልኩም።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «አሁን መጥታችሁ እሱ ያለውን አድርግ ትሉኛላችሁ። በቁሙ እምቢ ያልኩትን ሰው ከሞተ በኋላ እሺ ብለው ምን ይጠቅመዋል?»

  ሠላሳ አንድ ዓመት ጎድሎ የኖረው የንግግሩ መሐል ይህ ነበር። መጀመሪያውና መጨረሻው በፍቅሩ ዘንድ፣ መሐሉ በእሳቸው ዘንድ ቀርቶ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው አርጅተዋል።

«ጋሼ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» አለ።

«የት?»

«ጀነሬተር ቤት! ያን ቀን! ከበርሜሎቹ ጀርባ!»

«ምን ትሠራ?»

ፍቅሩ ዙሪያውን ተመለከተ። ዓቢዳ ማሽላውን ትታ እያዳመጠች ነው፤ በአጥሩ ማዶ አህያ የሚነዳ ሰውም ቆሟል። ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ተኝቼ ነበር!» ብሎ ጮኸ።

የአጥሩ ማዶ ሰው አህያውን ነድቶ ሄደ። ጋሼ አብዱልሐሊም ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ዘይት ቅየራው ቀን?»

«አዎ።»

«ማጣሪያውን እጠብ ብዬህ?»

«አጥቤ ነበር… ግማሹን።»

«በማግሥቱ የዘይት ግፊቱ የወረደው ለካ በዚህ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው የአለቃነቱን ዘመን ያዘ። «እኔ እኮ የላካችሁት ዘይት ውኃ ነው ብዬ ለደሴ አምርሬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዘይቱን የላከው ሰውዬ ስንት ዓመት ሰላምታ ነፈገኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ቆይ፣ እሱን ኋላ እንነጋገርበታለን። ምን ሰማህ?»

«እርስዎ ያሉትን አልሰማሁም፤ ጀሪካን ይንኳኳ ነበር። እርስዎ ከወጡ በኋላ ግን ጋሽ ሞገስ ቀርተው ነበር። ተናግረው ነበር።»

«ምን አልክ?»

ፍቅሩ ደገመው። ጮኾ ደገመው። ሽማግሌው እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የደረሳቸው የሞገስ ስም ብቻ ነው። ፍቅሩ ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ይህ ነገር በጩኸት የሚነገር አልነበረም። ጋሽ ሞገስ ራሳቸው ያሉት በሹክሹክታ ነው።

ከሽማግሌው ጉልበት ላይ የወይራዋን ዘንግ አነሣ። ጥርስ የተነከሰችበትን ጫፍ ወደሳቸው ሰደደ። ጋሼ አብዱልሐሊም ዘንጉን አዩ፣ ፍቅሩን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። ነከሱት። ፍቅሩ ሌላውን ጫፍ ከራሱ መንጋጋ አጥንት ላይ አስደግፎ፣ ከጎናቸው ተጠግቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረ።

«በሩን ወርውረው ሲወጡ አልተቆጡም። ዲናሞዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓትና፣ አይዞሽ አሏት። ‹ያ ቀን ሲመጣ የሚፈታሽ እሱ ነው፤ ሌላ እጅ ያበላሽሻል።› እንዲህ ነው ያሉት ጋሼ። ከዚያ በኋላም አንድ ነገር ብለዋል፤ እሱን አላስታውስም። ይህን ግን ሰምቻለሁ።»

ጋሼ አብዱልሐሊም ዘንጉን አልለቀቁም። ዐይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ ያኔ ሁለተኛውን ሲሊንደር እንደሚሰሙት፣ ቆዩ። ከቁርቁራው ላይ አንዲት ፍሬ ወድቃ ከመደቡ ተንከባለለች። ዓቢዳ ከማሽላው ላይ አልተነሣችም።

በመጨረሻ ዘንጉን ከአፋቸው አወጡት።

«‹እሱ ነው› አለ?»

ፍቅሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ተቆጥቶ አልነበረም?»

አልነበሩም ሲል ራሱን ወዘወዘ።

«እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እየረገመኝ የሞተ ይመስለኝ ነበር» አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ቆዩ። «አላህ ነፍሱን ይማረው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ የሚከራከርህ ፊት ለፊት፣ የሚያምንህ ከኋላህ።»

ተደግፈው ተነሡ። በዝግታ እየተራመዱ ከግቢው በር ደረሱና መቀርቀሪያውን ስበው አወጡት። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ክብደቱን መዘኑት።

«ዓቢዳ፣ ለበሩ ሌላ እንጨት ፈልጊለት።»

ከዚያ ወደ ፍቅሩ ዞሩ። አሁን የሚናገሩት እንደ ጥንቱ፣ ከሞተር ድምፅ በላይ ለመሰማት እንደሚናገር ሰው ነው።

«ስማኝ። በጋዝ የሚባል ነገር እንዳታስነካት። ከዛሬ ጀምረህ ቡሎኖቹን ጠዋት ማታ ላምባ አጠጣቸው፤ ሦስት ቀን ይጠጡ። ያቺ ልጅ ራሱ ተላጠ ያለችኝ የትኛው ነው? የታችኛው? እሱን ለእኔ ተወው። አሰለፈች አሁንም ጀሪካኗን ይዛ ተቀምጣለች አሉ?»

«ተቀምጠዋል ጋሼ።»

«እሷን ማንም እንዳያስነሣት። እኔ ነኝ የምነግራት፤ ያን ሁሉ ዓመት ከኔ እጅ ነው ሙቅ ውኃ የቀዳችው።» ቁልፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። «ለዚያች ልጅም ንገራት። ሐሙስ ከዙሁር በኋላ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ስምንቱንም በዚህ እጄ እፈታቸዋለሁ። አንተም ትመጣለህ፤ ከበርሜሎቹ ጀርባ ሳይሆን እኔ የማይህ ቦታ ትቆማለህ።»